ጠዋት ጠዋት የሚያንቀላፋው ሰርቨር

በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ የሚያሳፍረኝ አንድ ነው። አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ሠንጠረዥ ነበረው፣ ማጠቃለያ ነበረው፣ የፊደል ግድፈት እንኳ አልነበረበትም። እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ነበር፤ ስለ አንዲት ሴት የደረስኩበት መደምደሚያ ግን ከላይ እስከ ታች ስሕተት ነበር።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከባሕር ዳር በኮምፒውተር ተመርቄ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሐኪም ቤት ተቀጥሬ ነበር። በግቢው ውስጥ ስለ ኮምፒውተር የሚጠየቅ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የተኝቶ ታካሚዎች ቴሌቪዥን አልከፈት ሲልም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነው፤ ቁጡ ነኝ፤ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለም አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት ሐኪም ቤቱ በእርዳታ አንድ ሰርቨር አገኘ። ጠባብ ክፍል ተሰጠኝና እዚያ ገጠምኩት። ሌላ አገር ለሰርቨር ማቀዝቀዣ ይገዙለታል፤ እንጅባራ ላይ መስኮት መክፈት ይበቃል። እንዲያውም ክረምት ላይ እኔ ነበርኩ ጋቢ ደርቤ የምሠራው።

በዚያ በአንድ ማሽን ውስጥ ሦስት ማሽኖች ፈጠርኩ። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። ለማያውቅ ሰው ሁልጊዜ የማስረዳው በኪራይ ቤት ነው። አንድ ግቢ አለ፤ ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ሁሉም የየራሱ በርና ቁልፍ ስላለው ራሱን እንደ ባለቤት ይቆጥራል። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ ያለውም አከራይዋ ቤት ነው። ከሦስቱ ተከራዮች አንዱ የካርድ ክፍሉ ዳታቤዝ ነበር፣ አንዱ የመድኃኒት ቤቱ፣ አንዱ የላብራቶሪው። ይህን ምሳሌ ለስንቱ ሰው አስረድቼ፣ ለራሴ ሲያስፈልገኝ ረሳሁት።

የሐኪም ቤቱን ጄኔሬተርና ባትሪ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ ብክነት አይወዱም። ቀን ከኮሪደር ኮሪደር እየዞሩ ሰው የሌለበትን ክፍል አምፑል ያጠፋሉ፤ ቢሮውን ከፍቶ የወጣ ሰው ሲመለስ ጨለማ ይጠብቀዋል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚሄድ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሰርቨሩን የሚያቆየው ባትሪ ነው። እናም ሰርቨሩን በገጠምኩበት ሳምንት ጋሼ ባትሪው ፊት ቆመው የጭነቱን መጠን የሚያሳዩትን ትንንሽ መብራቶች እየቆጠሩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ይኸ ማሽንሽ አይጠግብም ወይ ይሉኛል። በማግሥቱ ከጓሯቸው አንድ ፌስታል ድንች አምጥተው ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጡልኝ። ጉቦ መሆኑ ነው።

ድንቹን በልቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁትና፣ ከምንም ነገር አስቀድሞ ወደሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ገባሁ። እዚያ ስለ ኃይል አጠቃቀም የሚጠይቅ አንድ መስመር አለ፤ ሙሉ ጉልበት ወይስ ቁጠባ ይላል። ቁጠባ ላይ አደረግሁት። ሥራ ሲቀንስ ማሽኑ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሥራ ሲበዛበት ይጨምራል ማለት ነው። ለጋሼ አሳየኋቸው፤ ባትሪው ላይ የአንድ መብራት ያህል ልዩነት መጣ። የተማረ ልጅ እንዲህ ነው ብለው መረቁኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ዳታቤዙ ገና አልተጫነም ነበር፤ ሌላ ብዙ ሥራ ይጠብቀኝ ስለነበር ያንን ለውጥ የትም ሳልጽፈው ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሲፈታ ግን የተጋለጠችው ሌላ ሰው ነበረች።

ካርድ ክፍሉን ለሃያ ስምንት ዓመት የያዙ ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ካርዱ መደርደሪያ ላይ የሚደረደር ወረቀት በነበረበት ዘመን፣ የበሽተኛውን ፊት አይተው ስሙን ሳይጠይቁ ካርዱን ይመዙ ነበር ይባላል። ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ አዊኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አማርኛ ቢችሉም ሲያማቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል። እትዬ በአዊኛ ሲያናግሯቸው ፊታቸው ይፈታል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ካጉረመረሙት መካከል እትዬ አልነበሩም። በሁለት ጣት እየለቀሙ ጀመሩ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ በአራት ጣት ሆኑ።

ሥራ የሚጀመረው ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ እትዬ ግን አንድ ሰዓት ላይ ገብተው ይቀመጣሉ። ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለው ገጠር የሚመጣ ሰው ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ ነው የሚሄደው፤ ሲነጋ በራችን ላይ ነው። ሐኪሙ ሲገባ የእሱ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገኘ ወረፋው ከሰዓት በኋላ ይሻገራል፤ ያን ጊዜ መመለሻው ይመሽበታል፤ ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ የት ያድራል። ስለዚህ እትዬ ማንም ሳያዛቸው ቀድመው ገብተው ብቻቸውን የእነዚያን ሰዎች ካርድ ያወጣሉ። ሁለቱ ወጣት ባልደረቦቻቸው በሥራ ሰዓት ይመጣሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ አስጠሩኝ። ሁለቱ ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገበናዬን ላዋይሽ እንደሚል ሰው፣ «ልጄ፣ ይኸ ማሽን ጠዋት ጠዋት ያንቀላፋል» አሉኝ። «ሰው ሲበዛበት ነው የሚነቃው።»

ቁጭ ብዬ አየሁት። የካርድ ክፍሉን ቨርቹዋል ማሽን ከፍቼ ስመለከት የኃይል ምርጫው ሙሉ ጉልበት ላይ ነው፤ ሥራም አልበዛበትም። ደግሞስ አንድ ሰው ብቻ ሲጠቀምበት ይፈጥናል እንጂ እንዴት ይዘገያል? የሚዘገየው ሰው ሲበዛበት ነው። ይህን አራት ዓመት ተምሬዋለሁ። ሳቄ መጣና፣ «እትዬ፣ ያንቀላፋው ማሽኑ አይደለም» አልኳቸው። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬም ትንሽ ፈገግ ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ቀን ግን ጥሩ ቀልድ የተናገርኩ መስሎኝ እየሳቅሁ ነው የወጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ በቁጥር ያላየውን ነገር አያምንም። ካርድ ይዘገያል የሚል አቤቱታ ደርሶት ስለነበር፣ እያንዳንዱ የካርድ ሠራተኛ አንድ ካርድ ለማውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አውጪልኝ አለኝ። ካርዱ መቼ እንደተጠየቀና መቼ እንደተዘጋ ዳታቤዙ ራሱ ይመዘግባል፤ በአንድ ከሰዓት አወጣሁት። የሁለቱ ልጆች ተቀራራቢ ሆነ፤ የእትዬ ከእነሱ በግማሽ ያህል በለጠ። ዕድሜ ነው ብዬ አሰብኩ። ማጠቃለያው ላይ መዘግየቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከተጠቃሚዋ የመጣ ነው ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አንብቦ፣ እትዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ አሮጌ ወረቀት መጋዘን እንዲዛወሩ ደብዳቤ ጻፈ። መጋዘኑ ከጓሮ ነው፤ መስኮት የለውም፣ በሽተኛም አይገባበትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሲቀበሉ የኖሩ ሴት፣ የቀራቸውን ሁለት ዓመት ከአቧራ ጋር ተቀምጠው ሊጨርሱ ነው። ደብዳቤውን ሲቀበሉ አልተከራከሩም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ ጠዋት ጠዋት የሚመጡትን ሰዎች ማን ያስተናግዳቸዋል ብለው። ሥራ የሚጀመረው ሁለት ተኩል ነው ተባሉ፤ ፈርመው ወጡ።

ይህን ስሰማ፣ ቁጥሩ የሚለውን ነው የጻፍኩት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ራሱን ለማጽናናት መቼም ምክንያት አያጣም።

በዚያው ሰሞን እሑድን አዲስ ቅዳም ከተማ እናቴ ጋ ውዬ አደርኩ። ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ፣ ሌላ ጊዜ እስኪሞላ አንድ ሰዓት የሚያስጠብቀው ሚኒባስ ያን ቀን ጣሪያው ላይ ከሰል ጭኖ፣ ውስጡም ጢም ብሎ እኔን ብቻ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። አንድ ሰዓት ካሥር ላይ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ወረድኩ። በዚያ ሰዓት ሥራ ገብቼ አላውቅም።

ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ መስኮቱን ከፍተው አንድ ሽማግሌ ያስተናግዳሉ፤ የሽማግሌው ፈረስ ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል። ገብቼ ከኋላቸው ቆምኩ። እትዬ ስሙን ጻፉ፣ የአባት ስም ጻፉ፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ ሽማግሌውን በአዊኛ ያዋሩታል። እኔ አዊኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ ከብቱን ለማን ትቶ እንደመጣ ነው የሚጠይቁት። ሽማግሌው ለምራቴ ብሎ ስለ ምራቱ አንድ ነገር ጨመረ፤ ሁለቱም ሳቁ። ካርዱ ገና አልተከፈተም። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ቀጣይዋ ሴት ስትመጣም ቆጠርኩ። እስከ አሥራ አንድ ቆጥሬ ነው ካርዱ የሚከፈተው፤ ያ ሁሉ ሲሆን የእትዬ እጅ ጭናቸው ላይ ነው። የእትዬ ዝግመት ብዬ በሠንጠረዥ ያወጣሁት ጊዜ፣ እጃቸው ያረፈበት ጊዜ ነበር።

እስቲ አንዱን እኔ ላውጣ ብዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ኪቦርድ ሳላይ ነው የምጽፈው፤ በአንድ ትንፋሽ ጽፌ ተጫንኩ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። እትዬ ከኋላዬ ቆመዋል፤ አየሽ እንኳ አላሉኝም።

እዚያው ቆየሁ። ሁለት ተኩል ላይ ልጆቹ መጡ፤ መድኃኒት ቤቱ ተከፈተ፤ ላብራቶሪው ውጤት ማስገባት ጀመረ። ቆጠራዬ ከአሥራ አንድ ወደ ስምንት ወረደ፣ ቀጥሎ ወደ አምስት። ሰው ሲበዛበት ነው የሚነቃው።

ወደ ክፍሌ ሮጥኩና ያንኑ ሠንጠረዥ በሰዓት ከፋፍዬ እንደገና አወጣሁት። ከሁለት ተኩል በኋላ እትዬ ከልጆቹ እኩል ነበሩ፤ ከገጠር በመጡት ላይ እንዲያውም ይቀድማሉ፤ ስም ሦስት ጊዜ መጠየቅ የለባቸውማ። ወደ ኋላ የጎተታቸው ማንም ሳይኖር ብቻቸውን የሚሠሩበት ማለዳ ነበር። በሪፖርቴ የቀጣኋቸው ቀድመው ስለገቡ ነበር ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው የምሳሌዬ አከራይ ትዝ ያለችኝ። እኔ ያየሁት ተከራዩ ቤት ገብቼ ነው። ተከራዩ ሙሉ ጉልበት ቢል፣ ቆጣሪው እሱ ጋ የለም። አከራይዋን፣ ማለትም ሦስቱን የሚያስተናግደውን ማሽን ራሱን ስከፍት፣ ፕሮሰሰሩ በዝቅተኛው ፍጥነት ያዘግማል። ማለዳ ላይ የአንዲት ሴት ሥራ ለእሱ ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም ብሎ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። የእትዬ እያንዳንዷ ጥያቄ አጭር ስለሆነች እሱን ሳትቀሰቅሰው ታልፋለች፤ እሳቸውም ያ ሁሉ ሰው እስኪመጣ ከተኛ ማሽን ጋር ይሠራሉ። ያስተኛሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ለአንድ ፌስታል ድንች። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ትላለች እናቴ። በተመረቅሁ ሰሞን ተረቱን ለሌላ ሰው ነበር የምጠቅሰው።

ለመቀየር ሰርቨሩን ማጥፋት ስለሚያስፈልግ የምሳ ሰዓት ጠበቅሁ። ጋሼን ፈልጌ ነገሩን ነገርኳቸው፤ የቆጠብነው መብራት የእትዬን ማለዳ እንደበላባቸው፣ አሁንም እሳቸው ወደ መጋዘን ሊሄዱ እንደሆነ። የባትሪው ነገር ያናድዳቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«እኔ የማጠፋው ሰው የሌለበትን ክፍል ነው» አሉኝ። «ሰው የተቀመጠበትን አጥፍቼ አላውቅም።»

ስለ ባትሪው እኔ አለሁ፣ ጄኔሬተሩን ቶሎ አስነሣለሁ አሉና ራሳቸው በሩ ላይ ቆሙልኝ። ሰማያዊው ገጽ ላይ ገብቼ ቁጠባውን ወደ ሙሉ ጉልበት መለስኩ። ከዚያ ሦስቱን ማሽኖች የሚያስተናግደው ሶፍትዌር ላይም ያንኑ አደረግሁ። የቀየርኩትንና ምክንያቱን በወረቀት ጽፌ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፍኩ።

የሚከብደው ሥራ ከዚያ በኋላ ነበር። አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚለውን መስመር ሦስት ጊዜ አለሳልሼ፣ በአራተኛው እንዳለ ተውኩት። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ ቆየ። መጀመሪያውኑ በሰዓት ለይተሽ ለምን አላየሽም አለኝ። የእትዬን ደብዳቤ ሻረውና ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ወር ያስኮርፈኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ተቀብዬው ስወጣ ቀለል አለኝ።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ከእትዬ ኋላ ቆምኩ። ልጅ ያዘለች ሴት መስኮቱ ላይ ቆማለች። እትዬ ጻፉ፣ ቁልፏን ተጫኑ፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ስለ ልጇ ትኩሳት ይጠይቋት ጀመር። ካርዱ ወዲያው ተከፍቷል፤ እሳቸው አላዩትም። «እትዬ፣ ተከፍቷል» አልኳቸው። ዞረው ስክሪኑን አዩት። ቀጥለው ጭናቸው ላይ ያለውን እጃቸውን አዩ።

ሁለቱ ልጆች እስኪገቡ ጠበቅሁ። በሰው ፊት የተዋረደ በሰው ፊት ነው የሚካሰው። ልጆቹ ጃኬታቸውን ሰቅለው ሲቀመጡ፣ እትዬ ፊት ቆሜ ያንቀላፋው ማሽኑ ነበር አልኩ፤ ያስተኛሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ሳቅሁብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጆቹ ወለሉን ያያሉ።

እትዬ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ስበው ከፋይሎቹ ሥር አንድ የግሉኮስ ካርቶን ክዳን አወጡና ፊቴ ዘረጉት። በሰማያዊ እስክሪብቶ ኪቦርድ ተሥሎበታል። እያንዳንዷ ቁልፍ በቦታዋ አለች፤ ፊደሎቹ እየተንቀጠቀጡ የተጻፉ ናቸው፤ ረጅሟም ቁልፍ ከታች በማስመሪያ ተሠርታለች። ማታ ማታ ቤታቸው ሆነው ጣታቸውን የሚያለማምዱበት ነበር። ከሳቅሁባቸው ቀን ጀምሮ።

«እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ማሽኑ ጠዋት እንደሚያንቀላፋ በዓይናቸው አይተው ነበር። አይተውም ነግረውኝ ነበር። እኔ የተማርኩት አይደለም ስላልኩ ግን ዓይናቸውን ትተው እኔን አመኑኝ። ስቄባቸው ስወጣ እሳቸው ካርቶን ፈልገው፣ ቀደው፣ ተቀምጠው ሥለዋል።

እትዬ ግን አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና፣ በይ ዞር በይልኝ፣ ሰው ቆሟል አሉኝ። ወደ መስኮቱ ዞረው ቀጣዩን ሰው በአዊኛ ጠሩ። ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ መስኮት አልተነሡም፤ አንድ ሰዓት ላይ መግባታቸውንም አልተዉም።

ካርቶኑን ለምኜ ወሰድኩት። ዛሬ የምሠራው ሌላ ከተማ ነው፤ ከዚያ የሚበልጡ ሰርቨሮች ገጥሜያለሁ፤ ካርቶኑ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቀን አውጥቼ ጣቴን አሳርፍበታለሁ። መሃል ያሉት ፊደሎች ላይ እስክሪብቶው ለቆ፣ ካርቶኑ በጣት ብዛት ጎድጉዷል።